ሐብሐብ ያጠለቁ ደጋፊዎች

ባለፈው ሳምንት ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ወረድ ብሎ አዲስ በተከፈተ ጁስ ቤት በር ላይ ሳልፍ፣ አንድ ወጣት ትልቅ ሐብሐብ ባንኮኒው ላይ አስቀምጦ በረጅም ቢላ ለሁለት ሲከፍለው፣ ያ ዝናብ የነካው ሣር የሚመስል ሽታው እስከ መንገዱ ወጥቶ ተቀበለኝና ቀጥ ብዬ ቆምኩ። ከዚያ ሳላስበው ብቻዬን ሳቅሁ። ልጁ ቀና ብሎ «ምነው እናቴ፣ አበላሸሁት እንዴ?» አለኝ። «የለም ልጄ፣ ጎበዝ ነህ» ብዬው አለፍኩ እንጂ፣ ይኸው እስከ ዛሬ ሐብሐብ ባየሁ ቁጥር ለየትኛው ሰው ጭንቅላት እንደሚሆን በዓይኔ እንደምለካ ለማያውቀኝ ሰው በምን አፌ ላስረዳ?

አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር። ሱቁ ከፒያሳ ወደ ጊዮርጊስ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ የእንጨት በረንዳው ወደ መንገዱ ዘንበል ባለ አሮጌ ፎቅ ሥር የነበረ የአንድ ሰፊ ክፍል ግማሽ ነው። ሌላው ግማሽ የጋሽ ሙሉጌታ ፀጉር ቤት ነበር። ክፍሉን ለሁለት የሚከፍለው ስስ የኮምፔንሳቶ ግድግዳ ሲሆን፣ መሃሉ ላይ መጋረጃ የተንጠለጠለባት ጠባብ በር ነበረች፤ በዚያች በር በኩል ከወዲህ የካውያ እንፋሎትና የእርጥብ ሱፍ ሽታ ወደዚያ ይሄዳል፣ ከወዲያ ደግሞ የአልኮልና የሳሙና አረፋ ሽታ ወደኛ ይመጣል። ፀጉሩን ሊቆረጥ የገባ ሰው ሱሪ አሳጥሮ ሲወጣ፣ ኮት ሊለካ የመጣ ደግሞ ተላጭቶ ሲሄድ አያስገርምም ነበር። እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ ደብተሬን በአባቴ መቁረጫ ጠረጴዛ ላይ እወረውርና በመጋረጃዋ አልፌ የጋሽ ሙሉጌታ የሚሽከረከር ወንበር ላይ እስኪያዞረኝ ድረስ እሽከረከራለሁ።

ሁለቱ ውቤ በረሃ በአንድ ግቢ ያደጉ፣ አንዱ ሲያገባ ሌላው ሚዜ የሆነ ወዳጆች ነበሩ። የማይስማሙት በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ በኳስ። የከተማዋን ሁለት ትልልቅ ቡድኖች ተካፍለው ይደግፋሉ፤ ቡድኖቹ የተጋጠሙ ሰሞን ከሱቁ የሚወጣውን ጩኸት የሰማ መንገደኛ አንገቱን አስግጎ ማን እንደሞተ ይጠይቅ ነበር።

አንድ ሰኞ ጠዋት ግን ነገሩ ከጨዋታ አለፈ። የአባቴ ቡድን እሑድ በመጨረሻው ደቂቃ ተሸንፏል፤ አባቴ እንደ ልማዱ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ አንደኛው ጉንጩ ተላጭቶ አልቋል፣ ሌላኛው በአረፋ እንደተሸፈነ ነው። ጋሽ ሙሉጌታ ምላጫቸውን በመሳያው ቆዳ ላይ እያፋጩ፣ ወረፋ የሚጠብቀው ደንበኛ ሁሉ እየሰማ፣ «ያንተ ቡድን እኮ አንተ እንደምትሰፋው ሱፍ ነው፤ አንዴ ከታጠበ ያጥራል» አሉት። ቤቱ በሳቅ ሞላ። አባቴ ግን አልሳቀም። በቡድኑ ቢመጡበት ይችላል፣ በሱፉ ከመጡበት ግን አይችልም። ፎጣውን ከአንገቱ ላይ አውልቆ፣ ግማሽ ፊቱ አረፋ እንደለበሰ ተነሳና «የኔ ሱፍ ቢያጥርም ሰው ይለብሰዋል፤ አንተ ያበላሸኸውን ፀጉር ግን ሰው በኮፍያ ነው የሚደብቀው» ብሎ ወጣ። በማግስቱ ጋሽ ሙሉጌታ ያቺን በር በጣውላ ቸነከሯት።

ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ገደማ አልተነጋገሩም። የሚያስቀው ነገር፣ አባቴ ሌላ ፀጉር ቤት ሄዶ መላጨትን እንደ ክህደት ስለሚቆጥረው ጺሙን እናቴ በጨርቅ መቀስ ታስተካክልለት ነበር፤ በእነዚያ ሁለት ዓመታት ያ ፊት አንድ ቀን እንኳ ሁለት ጎኑ እኩል ሆኖ አያውቅም። ሽማግሌ ተልኮ ነበር። አባቴ «እሱ ይጀምር» አለ፤ ጋሽ ሙሉጌታም «እሱ ይጀምር» አሉ፤ ሽማግሌዎቹም ሻይ ጠጥተው ሄዱ። እኔ ደግሞ በኮምፔንሳቶው ላይ ሚስማር በተወው ቀዳዳ አጮልቄ ወዲያ ማየት ልማዴ ሆነ። አንድ ቀን ደንበኛ በሌለበት ሰዓት ጋሽ ሙሉጌታ ወንበራቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው፣ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀምጠው አየኋቸው። አባቴ ከወዲህ የስፌት መኪናውን እየረገጠ ይሰፋል። መኪናው ሲቆም ቀና ይላሉ፣ ሲቀጥል መልሰው ያቀረቅራሉ። የተጣላ ሰው የተጣላውን ሰው መኪና ለምን እንደሚያዳምጥ አልገባኝም፤ ማንንም ግን አልጠየቅሁም።

የከፋው ወሬ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ጋሽ ሙሉጌታ ወደ ሥላሴ በኩል ቤት እያፈላለጉ ነው፣ ክረምቱ ሲወጣ ይለቃሉ ተባለ። ወሬውን ያመጣችው እናቴ ነበረች፤ የአባቴ እግር መርገጫው ላይ ቆመ፤ ያን ቀን የተሰፋው ሱሪ አንድ እግሩ ከሌላው ረዝሞ ተገኘና ተፈታ። እኔ ሲከፋኝ ጊዜ አለቀስኩ። አንድ ጊዜ ከሄዱማ በሯ መቼም አትከፈትም ብዬ ነው ያሰብኩት።

ያዳነን የካናዳ ኳስ ነው ብል ማን ያምነኛል?

የጋሽ ሙሉጌታ ታናሽ ወንድም ካናዳ ውስጥ በአንድ ስታዲየም የጽዳት ሥራ ይሠራ ነበር። የሚጠርገውን ሜዳ ወንድሙ እንዲያይለት ብሎ ይሁን ለመኩራራት፣ ባለሙያዎቹ የሚጫወቱበትን የአገሩን ሊግ የአንድ ዓመት ውድድር በቪዲዮ ካሴት ቀድቶ አንድ ካርቶን ሙሉ በመንገደኛ እጅ ላከ። ችግሩ፣ ጋሽ ሙሉጌታ ካሴት እንጂ ማጫወቻ ዴክ የላቸውም። ዴኩም ቴሌቪዥኑም ያሉት ከኮምፔንሳቶው ወዲህ፣ አባቴ ሠርገኞች የሱፍ ዓይነት እንዲመርጡበት የሠርግ ቪዲዮ በሚያሳይበት መደርደሪያ ላይ ነው። ካሴቱን ይዘው በበረንዳው ዞረው የመጡት መምህር ዘሪሁን ነበሩ፤ እንግሊዝኛ የሚያስተምሩ፣ ፀጉራቸውን እዚያ ቆርጠው ሱሪያቸውን እዚህ የሚያሰፉ፣ ሰላም ወዳድ ሰው። «ተሾመ፣ ካሴቱ ከኔ ነው ብለህ ቁጠረው» አሉ። አባቴ ካርቶኑን በቆረጣ አየት አድርጎ «እንግዲያው ዴኩም የእርስዎ ነው ይበሉት» አለ። እንዲህ ሆኖ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የሁለቱም ቤት ደንበኞች እኛ ሱቅ መሰብሰብ ጀመሩ። ጋሽ ሙሉጌታ በተቸነከረችው በር አይመጡም፣ ተቀመጡ ቢባሉም አይገቡም፤ አንድ እግራቸውን በረንዳው ላይ፣ አንዱን ደፋችን ላይ አድርገው እንደቆሙ ያያሉ። ያም ሆኖ እግራቸው እኛ ቤት ገብቷል ብዬ ደስ አለኝ።

መጀመሪያ ቀን ማንም ምንም አልገባውም። ኳሷ ሁለት ጫፏ የሾለ ሞላላ ነገር ናት፤ ከእግር ይልቅ በእጅ ትያዛለች፤ ተጫዋቾቹ የብረት ቆብ ደፍተው ትንሽ ይሮጡና ይወድቃሉ፣ ከዚያ ክብ ሠርተው ተቃቅፈው ይንሾካሾካሉ። «ምን እያሉ ነው?» ሲባል አንዱ ደንበኛ «ሽምግልና መሆን አለበት» አለና ሁሉም ሰው ወደ በሩ እንዳያይ አንገቱን ደፋ። መምህር ዘሪሁን ግን እየተረጎሙ፣ ያልገባቸውን እየገመቱ ቀስ በቀስ አስረዱን፤ ኳሷን ወደፊት ለመግፋት ሦስት ሙከራ ይሰጣል፣ ሦስት ሞክሮ ያልሆነለት ለሌላው ይለቃል። ከሁሉ ያስገረመን ግን አንዲት ሕግ ነበረች። ኳሷን ወደ ግቡ መትተው ቢስቱ እንኳ፣ ከኋላ ካለው መስመር አልፋ ከወጣች አንድ ነጥብ ያገኛሉ። «ስተው ነጥብ?» ብሎ ቤቱ ተንጫጫ። አባቴ በዚያ ሕግ ላይ ሳምንቱን ሙሉ ሲያሰላስል ከርሞ በሚቀጥለው ቅዳሜ «ደግ ሕግ ነው። ሞክሮ የሳተውን ሰው ባዶ እጁን አይሸኙትም» አለ። ጋሽ ሙሉጌታ ከደፉ ላይ ሆነው «መምህር፣ ለዚያ ሰውዬ ይንገሩልኝ፤ ያልሞከረ ሰው ስለ ሙከራ አያውራ» አሉ። መምህሩ ሁለት ክንድ ርቀት ላይ ለተቀመጠው አባቴ ቃሉን አደረሱ። አባቴም ሽማግሌ ሲላክለት «እሱ ይጀምር» ያለው ማን እንደነበር በመምህሩ በኩል ጠየቀ። በሯ ከተቸነከረች በኋላ የመጀመሪያው ንግግራቸው ይህ ነበር፤ ንግግር ከተባለ።

ደጋፊ ቡድን ከሌለው ስለማይሆንለት ቡድን እንከፋፈል ተባለ። ያን ጊዜ ሊጉ ስምንት ቡድን ነበረው፣ ቅዳሜ የማይቀሩት ሰዎችም ስምንት። እንደ ዕቁብ በዕጣ ይሁን ብለው መምህር ዘሪሁን የየቡድኑን የማሊያ ቀለም በየብጣሹ ወረቀት ጽፈው ጠቀለሉና በአባቴ ባርኔጣ ውስጥ ከተቱት፤ ዕጣ የሚያወጣው ልጅ ነውና አውጪዋ እኔ ሆንኩ። እየዞርኩ ሰጠኋቸው፤ እየከፈቱ አነበቡ። አባቴ «አረንጓዴ» አለ። የመጨረሻዋን ደፍ ላይ ለቆሙት ጋሽ ሙሉጌታ ሰጠኋቸው። ፈታ አድርገው አዩዋት፣ ቀና ብለው ወደ ውስጥ አዩ፣ እንደገና ወረቀቷን አዩና «አረንጓዴ» ብለው ጨምድደው ነጭ ጋውናቸው ኪስ ውስጥ ከተቷት።

ከዚያማ ቤቱ ተደበላለቀ። መምህር ዘሪሁን «አረንጓዴን አንዴ ነው የጻፍኩት!» ብለው ማሉ፤ ማን ይስማቸው። ሲቆጠር ቢጫ የደረሰው ሰው የለም። «መምህር ቢጫውን ሊጽፉ አረንጓዴ ደገሙ» ተባለ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ፈተና የሚያርሙ ሰውዬ ስምንት ቀለም መጻፍ አቃታቸው እየተባለ እስከ ጡረታቸው ሙድ ሲያዝባቸው ኖረ። አንዱ ዕጣው ይደገም ሲል ጋሽ ሙሉጌታ «ዕጣ አይደገምም» አሉ። አባቴም «ልክ ነው፣ አይደገምም» አለ። ሁለት ዓመት ሙሉ በአንድ ነገር ሲስማሙ የሰማኋቸው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

አረንጓዴዎቹ የስንዴ አገር ቡድን ነበሩ። ደጋፊዎቻቸውን ካሜራው ባሳየ ቁጥር ዓይናችንን ማመን ያቅተን ነበር፤ ትልልቅ ሰዎች፣ ሴት ወንዱ፣ ሐብሐብ ሥጋውን ጨርሰው አውጥተው ልጣጩን እንደ ብረት ቆብ ጭንቅላታቸው ላይ ደፍተው ይጮኻሉ። አባቴ «መምህር፣ ለምንድነው?» ቢል መምህሩ «ይህን አልተማርንም» አሉ። በዕረፍት ሰዓት ደግሞ ጋዜጠኛው ማይኩን ይዞ በእነዚሁ ባለ ሐብሐቦች መሃል ይዞራል፤ የሚከራከሩትም ስለ ጨዋታው ሳይሆን ስለ ሊጉ ጤና ነበር። አንዱ ሊጋችን እየሞተ ነው ይላል፤ ወንበሩ ባዶ ነው፣ ወጣቱ የጎረቤታችንን የሀብታሙን አገር ሊግ ነው የሚያየው፣ ጎበዝ ጎበዙን ተጫዋችም እነሱ ይወስዱብናል፤ እንግዲህ ሕጉንም ሜዳውንም እንደነሱ እናድርግ። አንዲት አሮጊት ደግሞ ከሐብሐባቸው ሥር ውሃ እየወረደባቸው፣ እንደነሱ ካደረግነውማ የኛው ሊግ የቱ ነው ሊባል ነው እያሉ ይቆጣሉ። መምህር ዘሪሁን ሲተረጉሙ ሰው ሁሉ ወንበሩን ወደ ቴሌቪዥኑ ያስጠጋ ነበር። ስለ ራሳችን ሊግ የምንለውን ነገር የብረት ቆብ ከሚደፉ ሰዎች አፍ መስማት ግራ የሚያጋባ ነገር ነበረው።

ከዚያ በኋላ ክርክሩ ቅዳሜን ጠብቆ አልቀረም። ሰኞ ጠዋት ደንበኛ እየለካ አባቴ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ለማንም ሳይሆን ለኮምፔንሳቶው፣ «ጨርቅ በሰውየው ልክ ነው የሚቆረጠው፣ ለጎረቤቱ የተለካውን ኮት አምጥቼ ላልብሰው?» ይላል። ከወዲያ የመቀሱ ድምፅ ይቆምና «ፋሽኑን ያልተከተለ ፀጉር ቤት ወንበሩ ባዶ ይቀራል» የሚል መልስ፣ እሱም ለማንም ሳይሆን ለመስተዋቱ፣ ይመጣል። ጉዳዩ የሁለቱም ነበር፤ አንድ ቡድን ነው የደረሳቸው፣ ሊጉ ቢሞት አብረው ነው ባዶ የሚቀሩት። እኔም መሃል ቆሜ በቀዳዳዋ አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ እያየሁ፣ ይቺ ግድግዳ ንግግር ስታሳልፍ ሰው ለምን አታሳልፍም እያልኩ እገረም ነበር።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል የመጨረሻው ካሴት ተራ ደረሰ፤ የዋንጫው ጨዋታ። ውጤቱን በስልክ ከወንድምየው የጠየቀ ከሱቁ ይባረራል ተብሎ ስለነበር ማንም አያውቅም። አረንጓዴዎቹ ደርሰዋል፤ የሚገጥሟቸው ደግሞ ያለ ደጋፊ የቀሩት፣ ዓመቱን ሙሉ ማንም ሳያጨበጭብላቸው ሲያሸንፉ የመጡት ቢጫዎቹ ናቸው። በማለዳ አባቴ እኔንና እናቴን ወደ አትክልት ተራ ልኮ ሁለት ትልልቅ ሐብሐብ አስገዛን። እናቴ «ለአንድ ቤት ሁለት ሐብሐብ?» ብትለው ብሩን ቆጥሮ ሰጣት። ስንመለስ ሥጋውን በማንኪያ ፍቆ ለሰፈር ልጆች አደለና የራሱን ጭንቅላት በሜትር ለክቶ አንደኛውን አስተካከለ። ሁለተኛውን ይዞ ግን ቆመ፤ የሚደፋውን ሰው ልክ አያውቅም። ሰዎቹ ተሰብስበው፣ ጋሽ ሙሉጌታም እንደ ልማዳቸው ደፉ ላይ ቆመው ሳለ፣ አባቴ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳደረገ ሄደና ምንም ሳይናገር ግንባራቸው ላይ አዞረው። ጋሽ ሙሉጌታ ልክ ሊወሰድለት እንደቆመ ደንበኛ ቀጥ ብለው ተለኩ። የሐብሐቡን ጠርዝ ሊቆርጥ ሲል መቀሱ አልሠራ አለው፤ እሳቸው ከጋውናቸው ኪስ ምላጭ አውጥተው ዘረጉለት። ሲጨርስ ደፋላቸው። ልክ ነበር።

ጨዋታውን ያየሁት ከቴሌቪዥኑ ይልቅ ሁለቱን ሐብሐቦች እያየሁ ነው። ጋሽ ሙሉጌታ ሳያስቡት ሁለተኛውን እግራቸውንም አስገቡ፤ ከዚያ ወንበር ተሰጣቸው፣ ከዚያ ከአባቴ ጎን ሆኑ። ቀይ ቀይ ውሃ ጆሯቸው ላይ ይወርዳል፣ ማንም ለመጥረግ ጊዜ የለውም። እኩል ለእኩል ሆነው ሊያልቅ ሲል ቢጫዎቹ ኳሷን ወደ ግቡ መቱ። ሳቱ። ሁለቱ ሐብሐቦች በደስታ ብድግ አሉ፤ ኳሷ ግን ከኋላኛው መስመር አልፋ ወጣች። አንድ ነጥብ። አባቴ በሚያወድሳት በዚያች በደጓ ሕግ ተሸነፍን።

ሁላችንም የጋሽ ሙሉጌታን አፍ ጠበቅን። ያለፈውም ጠብ የመጣው በመጨረሻው ደቂቃ ሽንፈት ነበርና እናቴ ለመገላገል ይመስል ከወንበሯ ተነስታለች። እሳቸው ግን ወደ አባቴ ዞረው፣ ከሐብሐቡ ሥር የሚታየውን የተዛነፈ ጺሙን ለረጅም ጊዜ አዩትና «አንዱ ጉንጭህ እኮ ቀርቶ ነበር፤ ና ልጨርስልህ» አሉት።

ጣውላውን የነቀሉት ሁለቱ አብረው ናቸው፤ የሥላሴው ቤት ወሬም በዚያው ቀረ፤ ያቺ በር ከዚያ በኋላ መጋረጃ እንኳ አልተመለሰላትም።

ዛሬ ያ ፎቅ የለም። አባቴ የሞተው ከመፍረሱ በፊት ነው፣ እናቴም ተከተለችው። ከጁስ ቤቱ አልፌ ሱቃችን የነበረበትን ቦታ ፈለግሁ፤ ሰፊ የእግረኛ መንገድ፣ አበባ፣ አግዳሚ ወንበርና የመብራት ምሰሶ ሆኗል፤ ቆንጆ ነው፣ አልዋሽም። ኮምፔንሳቶው በየት በኩል ያልፍ እንደነበር ልገምት ብዬ ከምሰሶው ወደ አግዳሚው፣ ከአግዳሚው ወደ አበባው ብመላለስም መነሻ የሚሆነኝ አንድ ድንጋይ እንኳ አጣሁ። አባቴ ሜትሩን ይዞ ቢመጣ ምን ብሎ ይለካው ነበር? ሁለት ሰዎች ሁለት ዓመት የተኮራረፉበት ግድግዳ ይናፍቃል ብትሉኝ ድሮ አላምንም ነበር፤ አግዳሚው ላይ ተቀምጬ ስለናፈቀኝ አለቀስኩ።

ቤቴ ገብቼ ስልኬን ከፈትኩና እነዚያ ባለ ሐብሐቦች እስካሁን አሉ ይሆን ብዬ ፈለግሁ። አሉ። ሊጉም አልሞተም። ደጋፊዎቹ አሁንም ይከራከራሉ፤ ሜዳውን ሊያሳጥሩት፣ ያቺን የሳተ ሰው ነጥብም ሊነኳት ነው መሰል፣ ግማሹ ይህ መሞታችን ነው ይላል፣ ግማሹ መዳኛችን። ይህን ይዤ ቅዳሜ ዕለት አንድ ሐብሐብ ገዝቼ ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ወደሚኖሩት ወደ ጋሽ ሙሉጌታ ሄድኩ። ዓይናቸው ደክሟል። ሐብሐቡን በመዳፋቸው ዳሰሱና «ይሄ ለሕፃን ልክ ነው» አሉ። ወሬውን ስነግራቸው ግን ወገባቸው ቀና አለ። ስንት ቡድን ሆኑ? ሦስቱ ሙከራስ? አረንጓዴዎቹስ ማን ይዟቸዋል? አንዱን መልሼ ሳልጨርስ ሌላውን ይጠይቁኛል። ሜዳው ሊያጥር ነው ስላቸው «ለምን፣ አጠቡት እንዴ?» ብለው እስኪያስላቸው ሳቁ፤ ከዚያ ሐብሐቡን እንደገና ዳሰሱ።

«መምህር ዘሪሁንን ግን ይቅርታ ሳልጠይቃቸው አለፉ» አሉኝ።

«ለምኑ ጋሼ? እርስዎ ምን አደረጓቸው?»

«አረንጓዴን አንዴ ነበር የጻፉት» አሉ። «ለኔ የደረሰኝ ቢጫው ነው።»